የጥንቱ የግሪክ ውድድር ለዛሬው ኦሊምፒክ ያወረሰውና ያላወረሰው

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ስለ ኦሊምፒክ ታሪክ ለማስተማር ስዘጋጅ የማገኘው ነገር እርስ በርሱ ይጋጭብኛል። የዛሬው ኦሊምፒክ በእርግጥ የጥንቱ የግሪክ ውድድር ቀጣይ ነው ወይስ ስሙን ብቻ የወሰደ? አትሌቶቹ ያለ ገንዘብ ለቅጠል አክሊል ብቻ ይወዳደሩ ነበር፣ በዚያ ሰሞን ጦርነት ሁሉ ይቆም ነበር፣ ማራቶንም የመጣው ከዚያ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ይህ ታሪክ ለተማሪ በትክክል መነገሩ በጣም ስለሚያሳስበኝ በዝርዝር እመልሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን የደረስኩበትን ፍርድ ላስቀምጥ። በዛሬው ኦሊምፒክ ዓይን የሚስበው ነገር፣ ማለትም ከኦሊምፒያ የሚነሣው ችቦ፣ አምስቱ ቀለበቶች፣ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሜዳሊያ፣ የአገሮች ሰልፍና ማራቶን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለፉት 130 ዓመታት ውስጥ የተፈጠረ ነው። ከጥንቱ የመጣው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ክፍል ነው፦ ውድድሩ በታወቀ ጊዜ እየተመላለሰ መደረጉ፣ ተወዳዳሪው ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ለሕግ መማሉ፣ ዳኛው ከተወዳዳሪውም ከአገሩም በላይ መሆኑ፣ ያጭበረበረውም ሰው ስሙ ተጠርቶ በአደባባይ መቀጣቱ። ለተማሪዎችዎ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ቢያስተምሩ እወዳለሁ።

ኦሊምፒያ ከተማ አልነበረችም። በፔሎፖኔዝ ምዕራባዊ ክፍል፣ አልፌዮስና ክላዴዎስ የተባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ የምትገኝ የግሪኮች ዋና አምላክ የዜውስ መቅደስ ነበረች፤ ስታስተዳድራት የኖረችውም አብዛኛውን ጊዜ ኤሊስ የተባለችው ከተማ ናት። ውድድሩ በ776 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ከዚህ በኋላ ቅ.ል.ክ.) ተጀመረ የሚባለው የኤሊሱ ሊቅ ሂፒያስ በ400 ቅ.ል.ክ. ገደማ ካሰናዳው የአሸናፊዎች ዝርዝር በመነሣት ነው። ዝርዝሩ ከመጀመሪያው ውድድር ወደ አራት መቶ ዓመት ዘግይቶ የተዘጋጀ በመሆኑ 776ን እንደ ትውፊት ዘመን አድርጎ ማስተማር ይሻላል። በዚያው ትውፊት የመጀመሪያው አሸናፊ የኤሊሱ ኮሮይቦስ ሲሆን፣ ያሸነፈውም ስታዲዮን በሚባለው፣ ከሜዳው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በሚደረገው የ192 ሜትር ያህል ሩጫ ነው። ለረጅም ጊዜ ሌላ ውድድር አልነበረም። በኋላ በ724 የደርሶ መልስ ሩጫ፣ በ720 ረጅም ሩጫ፣ በ708 ትግልና አምስት ስፖርቶችን ያጣመረው ውድድር፣ በ688 ቦክስ፣ በ680 አራት ፈረሶች የሚጎትቱት ሰረገላ፣ በ648 ቡጢና ትግል የተቀላቀለበት ፓንክራትዮን የተባለ ፍልሚያ፣ በ520 ደግሞ ጋሻ ታጥቀው የሚሮጡት ሩጫ እንደ ተጨመሩ ይነገራል።

ኦሊምፒያ ብቻዋንም አልነበረችም። በዴልፊ ለአፖሎ፣ በቆሮንቶስ አጠገብ ባለችው ኢስትሚያ ለፖሲዶን፣ በነሜያ እንደገና ለዜውስ የሚደረጉ ውድድሮች ነበሩ፤ አራቱ ተራቸውን ጠብቀው ስለሚመላለሱ ለአትሌቱ የዘመን መቁጠሪያ ሆነውት ነበር። ሽልማቱ በኦሊምፒያ የዱር ወይራ፣ በዴልፊ የሎሬል ቅጠል፣ በሌሎቹም የጥድ ወይም የዱር ሴለሪ አክሊል ነበር። ያ የዱር ወይራ በእኛ አገር የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ከሚታጠንበት ወይራ ጋር የአንድ ዝርያ ዛፍ መሆኑን ተማሪዎችዎ ቢያውቁት ደስ ይላቸዋል፤ ልዩነታቸው የንዑስ ዝርያ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 9 ላይ፣ በሩጫው ስፍራ ሁሉም ይሮጣሉ፣ ሽልማቱን የሚቀበለው ግን አንዱ ነው፣ አክሊሉም የሚጠፋ ነው ሲል የኢስትሚያ ውድድር በደጃፋቸው ለሚካሄድ ሰዎች በዓይናቸው የሚያዩትን ነገር መናገሩ ነበር። በእርግጥም በኦሊምፒያ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚባል ደረጃ አልነበረም። ብርና ነሐስ ይቅርና ወርቁ ራሱ አዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 (የዘመናዊውን ውድድር ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠራለሁ) በመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ አቴንስ ላይ አንደኛ የወጣው የተሸለመው የብር ሜዳሊያና የወይራ ዝንጣፊ ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው የሦስት ሜዳሊያ ሥርዓት የመጣው በ1904 ነው።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ። ለኦሊምፒያ ውድድር የሚቀርብ ሰው ከበዓሉ በፊት ሠላሳ ቀን ኤሊስ ላይ ተገኝቶ በዳኞቹ ፊት ልምምድ የማድረግ ግዴታ ነበረበት። ከዚያም ኦሊምፒያ ሲደርስ እሱ፣ አባቱ፣ ወንድሞቹና አሠልጣኙ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ መብረቅ በሁለት እጁ በያዘው የመሐላ ጠባቂ ዜውስ ምስል ፊት ቆመው በውድድሩ ላይ ክፉ ነገር እንዳይሠሩ ይምላሉ፤ አትሌቶቹ ደግሞ አሥር ወር ሙሉ በሥርዓቱ መለማመዳቸውን ጨምረው ይምላሉ። ይህን የጻፈልን በ2ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ ስፍራውን ዞሮ ያየው ፓውሳኒያስ ነው። ከታዳጊዎችና ከወጣት ፈረሶች ምድብ የሚገባውን የሚመረምሩትም ዳኞች፣ ያለ ጉቦ በቅን እንፈርዳለን፣ ያንዱን የመቀበልና የሌላውን የመጣል ምክንያትም በምሥጢር እንይዛለን ብለው ይምሉ ነበር። ዛሬ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ አትሌት፣ ዳኛና አሠልጣኝ ወክለው ሲምሉ የምናየው ነገር በ1920 አንትወርፕ ላይ በአትሌቱ መሐላ የተጀመረ ቢሆንም፣ ሐሳቡ በቀጥታ ከዚህ የተቀዳ ነው።

የዳኞቹን ሥልጣን በቀላሉ መገመት አይቻልም። ከመነሻው መስመር ቀድሞ የተንደረደረ ሯጭ በጅራፍ ይገረፍ እንደ ነበር የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ይመሰክራል፤ ነጻ ሰው በአደባባይ መገረፉ በግሪክ ዘንድ የባሪያ ቅጣት ስለነበር ነውሩ ከሕመሙ ይብስ ነበር። በትግልና በቦክስ ማን ከማን እንደሚገጥም የሚወሰነው በዕጣ ነው፤ ፊደል የተጻፈባቸው ዕጣዎች ከብር ዕቃ ይወጣሉ፣ አንድ ዓይነት ፊደል የደረሳቸው ይገጥማሉ፣ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ያለ ተጋጣሚ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። የዛሬን የቴኒስ ወይም የቦክስ ድልድል ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ወደ ስታዲየሙ በሚያስገባው መንገድ ዳር የቆሙት የዜውስ የነሐስ ሐውልቶች ናቸው። በ388 ቅ.ል.ክ. የቴሳሊያው ቦክሰኛ ኤውፖሎስ ሦስት ተጋጣሚዎቹን በገንዘብ ገዝቶ እንዲሸነፉለት ማድረጉ ታወቀ፤ ሰጪውም ተቀባዮቹም ተቀጡ፣ በቅጣቱም ገንዘብ ስድስት ሐውልቶች ተሠሩ። በአንዱ ላይ የኦሊምፒያ ድል በእግር ፍጥነትና በሰውነት ጉልበት እንጂ በገንዘብ እንደማይገኝ ተጽፎ ነበር። በ332 የአቴንሱ ካሊጶስ በአምስቱ ስፖርቶች ውድድር ተጋጣሚዎቹን ሲገዛ ተይዞ እንደገና ቅጣት ተወሰነ። አቴንስ ግን ቅጣቱ ይነሣልን ብላ ታዋቂውን ተናጋሪዋን ሂፐሪዴስን ላከች፣ ልመናዋ ሳይሰማላት ሲቀርም አንከፍልም አለች፣ በውድድሩም መካፈሏን ተወች፤ በመጨረሻ የዴልፊ አምላክ ቅጣታችሁን ሳትከፍሉ ምንም ዓይነት ትንቢት አልሰጥም ስላላት ከፈለች፣ ሌሎች ስድስት ሐውልቶችም ተጨመሩ። የእነዚህ ሐውልቶች መቆሚያ ድንጋዮች ዛሬም በቦታቸው አሉ፣ ቁጥራቸው አሥራ ስድስት ነው። ነሐሱ ቀልጦ ጠፍቷል፣ ድንጋዩ ግን እያንዳንዱ አትሌት ወደ ሜዳ ሲገባ የነማንን ስም አንብቦ ያልፍ እንደ ነበር ይነግረናል። አንድ ኃያል ከተማ የራሷን ሰው ልትሸፍን ብትሞክርም ሕጉ ከእሷ በላይ ሆኖ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ሲቋቋም ዓላማው ይኸው ነበር፦ አትሌቱን የሚመረምረው አካል ከአትሌቱ መንግሥትና ከፌዴሬሽኑ ውጭ እንዲሆን ማድረግ። በዚህ በኩል የዛሬው ስፖርት ከጥንቱ አልራቀም፤ እንዲያውም ገና እየተማረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ገንዘብ የጠየቁት በጣም የተዛባው ክፍል ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በኦሊምፒያ ሜዳ ላይ የሚሰጠው አክሊል ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ አትሌቱ ግን ድሃ ሆኖ አገሩ አይገባም። በሮማውያን ዘመን የኖረው ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚለው፣ በ6ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ ላይ ሶሎን ባወጣው ሕግ በኦሊምፒያ ያሸነፈ የአቴንስ ሰው 500 ድራክማ፣ በኢስትሚያ ያሸነፈ 100 ድራክማ ይሰጠው ነበር፤ በዚያ ዘመን አንድ በግ በአንድ ድራክማ እንደሚገዛ ያው ጸሐፊ ስለሚነግረን፣ ድሉ የአምስት መቶ በግ ዋጋ ነበረው ማለት ነው። ከዚህ ሌላ አቴንስ አሸናፊዎቿን ዕድሜ ልካቸውን በመንግሥት ማዕድ ትቀልብ ነበር። በከተሞች በዓላትም ሽልማቱ በግልጽ የሀብት ሽልማት ነው፤ በአቴንስ የፓናቴኒያ በዓል የሚሰጠው በሥዕል ባጌጡ እንስራዎች የተሞላ የወይራ ዘይት ሲሆን፣ ከ4ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. የተረፈ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ በታዳጊዎች አጭር ሩጫ አንደኛ ለወጣ ልጅ ሃምሳ እንስራ፣ ሁለተኛ ለወጣው አሥር እንስራ ይመድባል። ይህን ሁሉ ዘይት ልጁ ሊበላው አይችልም፤ የሚሸጠው ነው።

እ.ኤ.አ. በ93 አፖሎንዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቦክሰኛ ኦሊምፒያ ዘግይቶ ደርሶ የባሕር ነፋስ አዘገየኝ አለ። የአገሩ ሰው ሄራክሌይዴስ ግን ሐሰት መሆኑን አጋለጠ፤ ለካ በትንሹ እስያ ከተሞች እየዞረ የገንዘብ ሽልማት ሲሰበስብ ነበር የቆየው። ዳኞቹ አገዱት፣ አክሊሉም ያለ ግጥሚያ ለሄራክሌይዴስ ተሰጠ። ልብ ይበሉ፣ አፖሎንዮስ የተቀጣው ዘግይቶ በመምጣቱና በመዋሸቱ ነው እንጂ በገንዘብ በመወዳደሩ አይደለም። በሙያው የሚኖር አትሌት መሆን በዚያ ዓለም ነውር አልነበረም።

ታዲያ ስለ ንጹሑ፣ ገንዘብ ስለማይነካው የግሪክ አትሌት የሚነገረው ከየት መጣ? አንዱ ሥሩ ጥንታዊ ነው፤ ሄሮዶቱስ በ480 ቅ.ል.ክ. የፋርስ ጦር ግሪክን በወረረ ጊዜ አንድ የፋርስ መኳንንት ግሪኮች ለወይራ አክሊል እንደሚወዳደሩ ሰምቶ፣ ለክብር እንጂ ለገንዘብ ከማይወዳደሩ ሰዎች ጋር ነው ወይ እንድንዋጋ ያመጣኸን ብሎ እንደ ተገረመ ይተርካል። ዋናው ሥሩ ግን የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ የባለጸጎች የስፖርት ማኅበራት በእጁ ሥራ የሚተዳደር ሠራተኛ አብሯቸው እንዳይወዳደር የአማተርነትን ደንብ አወጡ፣ ይህንም ደንብ ከጥንት ግሪክ የወረስነው ነው ብለው አስከበሩት። ሰለባው ብዙ ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነው ጂም ቶርፕ በ1912 ስቶክሆልም ላይ የአምስትና የአሥር ስፖርቶችን ጥምር ውድድር አሸንፎ ሳለ፣ ቀደም ሲል ለጥቂት ገንዘብ ቤዝቦል ተጫውተሃል ተብሎ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። በ1953 ሲሞት አልተመለሱለትም ነበር፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1982 ከሌሎች ጋር በእኩል አሸናፊነት መዘገበው፣ ብቸኛ አሸናፊ መሆኑን ያጸደቀው ደግሞ በ2022 ነው። ይህ ሰው የተበደለው በጥንት ግሪክ በጭራሽ ባልነበረ ሕግ ስም መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ደንቡ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየላላ ሄዶ በ1980ዎቹ የስፖርት ባለሙያዎች በይፋ መግባት ሲጀምሩ ሰው ሁሉ የጥንቱ መንፈስ ጠፋ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስፖርቱ ወደ ጥንቱ ይበልጥ የቀረበው ያን ጊዜ ነው።

ዜግነት መቀየርም አዲስ ነገር አይደለም። የክሮቶኑ ሯጭ አስቲሎስ በ5ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ የሲራኩሱን ገዥ ለማስደሰት ሲል የሲራኩስ ሰው ነኝ ብሎ ስሙን አስጠራ። ያገሩ ሰዎች ሐውልቱን አፈረሱት፣ ቤቱንም እስር ቤት አደረጉት። ሶታዴስ የተባለው የቀርጤስ ሯጭ ደግሞ በረጅሙ ሩጫ አንድ ጊዜ ለአገሩ ካሸነፈ በኋላ፣ በሚቀጥለው ውድድር ከኤፌሶን ሰዎች ገንዘብ ተቀብሎ የኤፌሶን ሰው ሆነ፤ ቀርጤሶች በስደት ቀጡት። እኛ ኢትዮጵያውያን በረጅም ርቀት ሩጫ ውስጥ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ አገራችን ተወልደው ለቱርክ፣ ለባህሬን፣ ለኔዘርላንድስ የሮጡ ታላላቅ አትሌቶችን አይተናል። እያንዳንዳቸው የሄዱበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ በአንድ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይመስለኝም፤ ሲፋን ሐሰን በልጅነቷ ወደ ኔዘርላንድስ ተሰድዳ ያደገች እንጂ በገንዘብ የተገዛች አይደለችም። የዓለም አትሌቲክስ በ2017 አገር መቀየርን አግዶ በ2018 የሦስት ዓመት ቆይታን የሚጠይቅ አዲስ ደንብ ሲያወጣ ግን የተጋፈጠው ችግር ቀርጤሶችና ክሮቶኖች የተጋፈጡት ነበር።

ጦርነት ይቆም ነበር ወይ ለሚለው መልሴ፣ አይቆምም ነበር የሚል ነው። የኤሊስ መልእክተኞች ከበዓሉ በፊት በግሪክ ከተሞች እየዞሩ የሚያውጁት ቃል ኪዳን ዓላማው ወደ ኦሊምፒያ የሚጓዙትን በመንገድ እንዳይነኩ፣ የመቅደሱም ምድር እንዳይወረር ማድረግ ነበር። ከተሞቹ በሌላ ስፍራ ጦርነታቸውን ይቀጥሉ ነበር፤ በ480 ቅ.ል.ክ. ፋርሶች ቴርሞፒሌ የተባለውን መተላለፊያ ጥሰው ባለፉበት በጋ እንኳ ውድድሩ አልተቋረጠም። ቃል ኪዳኑን የጣሰ ግን ይጠየቃል። በ420 ስፓርታ ቃል ኪዳኑ ከታወጀ በኋላ ሠራዊት አንቀሳቅሳለች ተብላ 2000 ምና የሚባል የግሪክ ገንዘብ ተፈረደባት፣ አልከፍልም ስትልም ከመቅደሱና ከውድድሩ ታገደች፤ ሊካስ የተባለው ስፓርታዊ ሰረገላውን በሌላ ወገን ስም አሰልፎ ካሸነፈ በኋላ ነጂውን ሊያከብር ሜዳ ውስጥ በመግባቱ በዱላ ተመታ። በ364 ደግሞ አርካዲያውያን ኦሊምፒያን ይዘው በዓሉን በሚያካሂዱበት ጊዜ ኤሊሶች መጥተው በመቅደሱ ቅጥር ውስጥ ውጊያ ተደረገ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ1993 ጀምሮ በየውድድሩ ዋዜማ የሚያሳልፈው የኦሊምፒክ ዕርቅ ውሳኔ መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን ከጥንቱ የሰፋ ምኞት እንጂ የጥንቱ ቅጂ አይደለም። የዛሬዎቹ ውድድሮች በ1916፣ በ1940 እና በ1944 በዓለም ጦርነቶች ምክንያት ጨርሰው ሳይደረጉ መቅረታቸውንም አይርሱ።

ሴቶችን በሚመለከት ያገቡ ሴቶች በበዓሉ ላይ ተመልካች ሆነው እንኳ እንዳይገኙ ተከልክለው ነበር። ሆኖም የሰረገላ አክሊል የሚሰጠው ለነጂው ሳይሆን ለፈረሶቹ ባለቤት በመሆኑ የስፓርታ ንጉሥ ልጅ የሆነችው ኪኒስካ በ396 እና በ392 ቅ.ል.ክ. አሸናፊ ለመሆን በቃች። በዚያው በኦሊምፒያ ሜዳ፣ በሌላ ጊዜ፣ ለዜውስ ሚስት ለሄራ ክብር ልጃገረዶች ይሮጡ ነበር፤ ርቀቱ ከወንዶቹ በአንድ ስድስተኛ ያጠረ ነበር። የ1896 ውድድር አንዲትም ሴት ሳትወዳደርበት አልፎ በ1900 ፓሪስ ላይ ሴቶች መግባታቸው፣ የሴቶች ማራቶንም እስከ 1984 መዘግየቱ ይታወቃል።

የጥንቱ ውድድር እንዴት ቆመ? ብዙ መጻሕፍት የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ393 አገደው ይላሉ። ኦሊምፒያን በስም ጠርቶ የሚያግድ አዋጅ ግን አልተገኘም፤ የተገኘው የአረማውያንን መሥዋዕትና አምልኮ በጥቅሉ የሚከለክል ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ መቅደሱ በእሳትና በ6ኛው መቶ ዘመን የምድር መናወጥ ፈረሰ፣ ወንዞቹም በደለል ቀበሩት፤ ጀርመኖች ከ1875 ጀምሮ በስፋት እስኪቆፍሩት ድረስ አብዛኛው ከመሬት በታች ኖረ። የዘመናዊው ኦሊምፒክ መነሻም መሥራቹ የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርቲን ብቻ አይደለም። ኤቫንጌሎስ ዛጳስ የተባለው ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ አቴንስ ላይ በ1859፣ በ1870 እና በ1875 ውድድሮች ተደርገዋል፤ ዊልያም ፔኒ ብሩክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምም ከ1850 ጀምሮ በማች ዌንሎክ ከተማ የራሱን ኦሊምፒክ ያካሂድ ነበር፣ ኩበርቲንም በ1890 ሄዶ አይቶታል። የኩበርቲን ድርሻ በሰኔ 1894 ፓሪስ ላይ በጠራው ጉባኤ ሐሳቡን ከአንድ አገር አውጥቶ ዓለም አቀፍ ማድረጉ ነው። ጥንት፣ ሮማውያን እስኪገቡበት ድረስ፣ የግሪክ ተወላጅ ያልሆነ ሰው አይወዳደርም ነበር፤ የመቄዶንያው ንጉሥ አሌክሳንድሮስ ቀዳማዊ እንኳ ዘሩ ከአርጎስ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። በሩ ለሁሉም ሕዝብ የተከፈተው በአዲሱ ኦሊምፒክ ነው፤ በዚህ ረገድ ልጁ ከአባቱ ይበልጣል ብል አላፍርም።

የችቦው ነገር ባጭሩ ይህን ይመስላል። በአቴንስና በሌሎች ከተሞች የችቦ ቅብብል ሩጫ ነበረ፤ ከኦሊምፒያ እሳት ይዞ በየአገሩ መዞር ግን አልነበረም። በ1928 አምስተርዳም ላይ በስታዲየሙ ማማ ላይ እሳት ነደደ፣ ከኦሊምፒያ የተነሣው የመጀመሪያው ቅብብል የተደረገው ከአዘጋጆቹ አንዱ በነበረው በጀርመናዊው ካርል ዲም አሳቢነት ለ1936 የበርሊን ውድድር፣ በናዚ መንግሥት ዘመን ነው። ለዚያው ጉዞ ተብሎ ዴልፊ ላይ አምስቱ ቀለበቶች የተቀረጹበት ድንጋይ ቆሞ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ያዩት ጸሐፊዎች የጥንት መስሏቸው ጻፉ፣ ስለዚህም ቀለበቶቹ የሦስት ሺህ ዓመት ዕድሜ እንዳላቸው የሚናገር ጽሑፍ ዛሬም ያጋጥማል። ቀለበቶቹን ኩበርቲን የነደፋቸው በ1913 ነው።

በመጨረሻ ማራቶን። በጥንት ኦሊምፒያ ማራቶን የሚባል ውድድር አልነበረም። ሄሮዶቱስ የሚነግረን የአቴንሱ መልእክተኛ ፊዲጲዴስ በ490 ቅ.ል.ክ. ከማራቶን ጦርነት በፊት እርዳታ ለመጠየቅ ከአቴንስ ስፓርታ ድረስ ሮጦ በማግሥቱ መድረሱን ነው፤ ይህም 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከማራቶን ሜዳ አቴንስ ሮጦ ድሉን አብስሮ ወደቀና ሞተ የሚለው ታሪክ የሚገኘው ከጦርነቱ አምስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይተው በኖሩት በፕሉታርክና በሉቅያኖስ ጽሑፍ ሲሆን፣ ፕሉታርክ ለሯጩ የሚሰጠው ስም እንኳ ሌላ ነው። ውድድሩን ያመነጨው የኩበርቲን ወዳጅ የሆነው ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ሚሼል ብሬያል ነው፤ በ1896 የማሩሲው ውሃ አመላላሽ ስፒሪዶን ሉዊስ 40 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚባለው ልክ ደግሞ ከ1908 የለንደን ውድድር መጥቶ በ1921 የጸደቀ ነው። ስለዚህ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ፣ ያሸነፈው ገና 64 ዓመት የሆነውን ውድድር ነው። ይህ የአበበን ክብር አንዲት ስንዝር አይቀንስም። ማራቶንን ታላቅ ያደረጉት ጥንታዊ መሆኑ ሳይሆን እንደ እሱ ያሉ ሯጮች ናቸው።

ከጥንቱ ሩጫ ጋር የሚዛመድ የእኛ አትሌቶች ርቀት ከፈለጉ ግን በ720 ቅ.ል.ክ. የገባውን ረጅም ሩጫ ይመልከቱ። ርቀቱን ምንጮች ከ7 እስከ 24 ስታዲዮን ያደርጉታል፤ 24ቱን ብንወስድ 4 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ለ5 ሺህ ሜትር በጣም ይቀርባል። ሯጮቹ በክብ መም ላይ አይዞሩም፤ ቀጥ ባለው ሜዳ ጫፍ ያለውን ምሰሶ እየዞሩ ስለሚመለሱ በየዙሩ ፍጥነታቸውን መግታትና እንደገና መነሣት ነበረባቸው። በ328 ቅ.ል.ክ. በዚህ ሩጫ ያሸነፈው አጌውስ በዚያው ቀን አገሩ አርጎስ ድረስ ሮጦ የራሱን ድል ራሱ እንዳበሰረ ይነገራል፤ ከኦሊምፒያ አርጎስ በተራራ መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር የማያንስ ነው። በ1980 ምሩጽ ይፍጠር፣ በ2000 ሚሊዮን ወልዴ፣ በ2004 እና በ2012 መሠረት ደፋር፣ በ2008 ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙበት 5 ሺህ ሜትር የዚህ ሩጫ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ለተማሪዎችዎ በሜዳ ላይ ሊያሳዩ ካሰቡም በ192 ሜትር ርቀት ሁለት ምሰሶ ተክለው አሥራ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ማለትም ርቀቱን ሃያ አራት ጊዜ፣ እንዲሮጡ ማድረግ ይችላሉ።